ከጥርባ የጠፋው ዘር

የ2014 ዓ.ም. ሰኔ ሚካኤል እሑድ ላይ ዋለ። በነጋታው ሰኞ ማለዳ፣ ጥርባ አካባቢ ያለው የዘር አባዢዎች ማኅበር ሊቀመንበር አያ ክንዴ መጋዘኑን ሲከፍቱ ባዶ መደርደሪያ ጠበቃቸው። ለመቶ አባወራ ሊከፋፈል ሦስት ቀን የቀረው ሃያ ኩንታል ዘር ድንች አንዲት ፍሬ ሳትቀር ተወስዷል። አያ ክንዴ ኔትወርክ ወዳለበት ጉብታ ወጡና ለፖሊስ ደወሉ።

ከእንጅባራ የመጣችው ኢንስፔክተር ማናለብሽ ነበረች። የዳንግላ ልጅ ናት፤ አርባ ዓመቷን ባለፈው ጥር ደፍናለች፤ በወንጀል ምርመራ ሥራ ላይ ዘጠኝ ዓመት ቆይታለች። አብሯት የመጣው ሳጅን አየነው የዚያው አካባቢ ተወላጅ ነው። እሷ አዊኛ ስለማትችል አማርኛ ከማይቀናው ገበሬ ጋር የሚያወራላት እሱ ነው፤ እሷ ደግሞ እሱ ሲያወራ የሰዉን ፊት ታያለች። በዚህ ሁኔታ ብዙ መዝገብ አብረው ዘግተዋል።

መጋዘኑ ግድግዳው በተሰነጠቀ ቀርቀሃ የተሠራ፣ ብርሃን በየሽንቁሩ የሚገባበት ቤት ነው። ዘር ድንች ጨለማ አይወድም። የበሩ ቁልፍ አልተሰበረም። ማናለብሽ ደፉ ላይ ቆማ ውስጡን አየች። ወለሉ ተጠርጓል። መደርደሪያው ታጥቧል። ቤቱ በረኪና በረኪና ይሸታል። ከሥራዋ ያወቀችው ሌባ ሁሉ ጥድፊያ ያለበት ነው፤ ጠርጎ አጥቦ የሚሄድ ሌባ ግን አጋጥሟት አያውቅም።

በሩ ሥር በረኪና የተቀላቀለበት ውሃ የያዘ ሳፋ ነበር። ምን እንደሆነ ጠየቀች።

"እግር መንከሪያ ነው" አሉ አያ ክንዴ። "የሚገባ ሰው ጫማውን ነክሮ፣ ጆንያው ላይ ጠርጎ ነው የሚገባው፤ በሽታ ከደጅ ይዞ እንዳይመጣ። ትዕግስት ናት ያስተማረችን። የዘር ድንች ፕሮጀክቱ የሰብል ጤና ባለሙያ ነበረች፤ አሁን ወደ ዳንግላ ተዛውራለች።"

መጥረጊያው ጆንያ ግን ከውስጥ አልነበረም። በደጅ በኩል፣ የጣሪያው ክፈፍ ከዝናብ በጋረደው ቦታ ተዘርግቷል። በላዩ ላይ የታተመው የጫማ ዱካም ፊቱን ወደ ውጭ አዙሯል። ማናለብሽ በማስታወሻዋ ላይ "ሌባው ሲወጣ ጫማውን አጥቧል" ብላ ጻፈች። ሳጅን አየነው ጭቃው ምስክር እንዳይሆንበት ፈርቶ ይሆናል አላት። ይሆናል ብላ አለፈችው፤ ልቧ ግን አልተቀበለውም።

ቁልፉ ያለው በሦስት ሰዎች እጅ ነው፦ በአያ ክንዴ፣ በጥበቃው በአያ ሽባባው፣ እንዲሁም እንጅባራ በሚቀመጠው የፕሮጀክቱ አስተባባሪ በአቶ ኪዳኑ። እሑድ ዕለት አገሩ በሙሉ ቤተ ክርስቲያን ነበር። ከሰዓት በኋላ ዶፍ ስለዘነበ የመንገዱ ዱካ ጠፍቷል። ከመጋዘኑ ቁልቁል፣ አያ ክንዴ ለከሰል በተከሉት የዲከረንስ ዛፍ ደን ውስጥ፣ አንድ የከሰል ክምር ይጨሳል። በዚያ አገር የከሰል ጭስ የማይታይበት ቀን የለም፤ ማናለብሽም ልብ ሳትለው ወደ መኪናዋ ተመለሰች።

አቶ ኪዳኑ ሠላሳ አምስት ዓመት የሚሆነው፣ እንቅልፍ ያጣ የሚመስል ሰው ነው። ፕሮጀክቱ በመንግሥት ገንዘብ የሚሠራ እንደሆነ፣ የድንች አጠውልግ የሚባለውን መጤ በሽታ ለመከላከል ሦስት ዓመት እንደተፈቀደለት፣ ንጹሕ ዘር ለገበሬው ማዳረስ ደግሞ የሥራው ሁሉ መደምደሚያ እንደሆነ አስረዳት። እሑድ ባሕር ዳር ዘመድ ቤት እንደዋለና ማታ እንደተመለሰ ነገራት። የሚኒባሱን ሹፌር ስልክ ሳትጠይቀው ሰጣት፤ ስትደውል እውነት ሆኖ ተገኘ።

"ሐሙስ ካልተከፋፈለ ምን ይመጣል?" አለችው።

"ሰኔ ሠላሳ በጀት ይዘጋል፤ ያልተሠራበት ገንዘብ ተመላሽ ነው። ሥራውን ያልጨረሰ ፕሮጀክት ለከርሞ አይፈቀድለትም። አሥራ አንድ ሠራተኛ አለኝ፤ ሐሙስ ደግሞ ከበላይ መሥሪያ ቤት እንግዶች ይመጣሉ።" እርሳሱን ጠረጴዛው ላይ አንከባለለ። "ጥሊሊ ከተማ ምንይችል የሚባል ዘር ነጋዴ አለ። ከፋሲካ በፊት ዘሩን ሽጡልኝ ብሎ ሲለምን ነበር። እሱን ያዙት።"

ትዕግስት ለምን እንደተዛወረች ስትጠይቀው በራሷ ፈቃድ ነው አለና ሌላ ወረቀት አገላበጠ። ማናለብሽ ስትወጣ አንድ ነገር አሰበች። ሰውየው ዘሩ እስከ ሐሙስ ይገኝ እንደሆነ ሦስት ጊዜ ጠይቋታል፤ ማን እንደወሰደው ግን አንድ ጊዜም አልጠየቃትም።

ማክሰኞ የጥሊሊ ገበያ ዳር ምንይችልን ሱቁ ውስጥ አገኙት። የእሱ አይሱዙ እሑድ ረፋዱ ላይ በጥርባ መንገድ ሲያልፍ ታይቷል። ለሚካኤል የሚሄዱ ዘመዶቹን ጭኖ እንደነበር ተናገረ፤ አየነው ከዘመዶቹ ሦስቱን ለየብቻ ጠይቆ ተመለሰ፤ ቃላቸው አንድ ነው። መኪናው ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቆሞ፣ ታቦት ገብቶ ጸበል ጸዲቅ እስኪቀመስ አልተነሳም።

ነጋዴው አልተቆጣም። ለማናለብሽ በርጩማ አቀረበላትና ረጋ ብሎ አወራት።

"እኔ ዘሩን ፈልጌ ነበር፤ አልክድም። ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። በዚህ ወር ዘር ድንች የሚፈልግ ገበሬ ብዙ ነው። ከዳንግላ እስከ ጥሊሊ ሃያ ኩንታል ቀርቶ ሁለት ኩንታል ቢወጣ፣ ዋጋው ሲወርድ እሰማለሁ። እስካሁን አልወረደም።"

"ደብቀውት ቢሆንስ?"

"ለምን ይደብቁታል? ዘር ነው እኮ። ሳምንት ባለፈ ቁጥር ይበላሻል። የሰረቀው ሰው ሊሸጠው አይደለም።"

"ታዲያ ለምን?"

"እሱን አንቺ ፈልጊው" አለ ምንይችል።

አያ ክንዴን፣ ራሳቸው ስለደወሉ፣ ማንም አልጠረጠራቸውም፤ የቀረው ጥበቃው ነው። አያ ሽባባው ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ አንድ ፈረስና አንድ ጋሪ ያላቸው፣ በቀን ገበያተኛ እያመላለሱ በሌሊት መጋዘን የሚጠብቁ ሰው ናቸው። ማለዳ ቅዳሴ ላይ ያያቸው ሰው ብዙ ነው። ከሰዓትም ዝናቡ ካባራ በኋላ ያያቸው አለ። ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ግን ያያቸው የለም። ማናለብሽ በአየነው በኩልም፣ በራሷም ጠየቀቻቸው። የት እንደነበሩ ጠይቃ ጠይቃ ያገኘችው መልስ አንድ ብቻ ነው።

"ለራሴ አንዲት ድንች አልወሰድኩም።"

"አልወሰዱም አላልኩም እኮ፤ የት ነበሩ ነው ያልኩት።"

ወደ ፈረሳቸው ዞሩ። የጋሪያቸውን እንጨት ስትዳብሰው ከሥር እንኳ ታጥቧል፤ በረኪናው እጇ ላይ ሸተተ። ሕጉ የሚያዘውን አደረገች፤ ወደ መኪናው አስገባቻቸው። አያ ክንዴ መንገዱ ዳር ቆመው ያያሉ። ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ፣ ተዉት። ከዚያ ጋቢያቸውን አውልቀው በመኪናው መስኮት አቀበሉና "ጣቢያው ይበርዳል፤ ይልበሰው" አሉ። ከዝናቡ በኋላ የመጣው ብርድ ገላ ይቆርጣል፤ እሳቸው በሸሚዝ ቀሩ።

ማናለብሽ ሌባው በእጇ ነው ለማለት በቂ ነገር ነበራት። ግን ያ ሳፋ አላስተኛትም። በሽታ እንዳይገባ የሚፈራ ሰው ሲገባ ይታጠባል። ሲወጣ የሚታጠብ ሰው የሚፈራው ምንድን ነው? ረቡዕ ጠዋት ሳጅን አየነውን ወደ ዳንግላ እንሂድ አለችው።

ትዕግስት ከገበያው ጀርባ በምትገኝ ጠባብ ቢሮ ውስጥ፣ ማንም የማይፈልገውን መዝገብ እንድታስተካክል ተመድባ አገኟት። ዘሩ መጥፋቱን ስትሰማ አልደነገጠችም፤ ተቀመጠችና ዓይኗን ጨፈነች።

"ሁሉም ነው የጠፋው?" አለች።

"ከመጋዘኑ ያለው ሁሉ።"

"እግዚአብሔር ይመስገን።"

ከዚያ ተነሥታ መስኮቷ ሥር ካለ ጎመን መትከያ ጥግ በራሷ የበቀለች አንዲት የጠወለገች የድንች ተክል ነቅላ መጣች። ግንዷን በምላጭ ቆርጣ፣ በውሃ በተሞላ ብርጭቆ ውስጥ አቆመችው። ጥቂት ቆይቶ ከተቆረጠው ጫፍ እንደ ወተት ነጭ የሆነ ቀጭን ክር ወደ ታች መውረድ ጀመረ።

በሽታው ይህ እንደሆነ ነገረቻቸው። ድንቹ ከውጭ ሲታይ ጤነኛ ነው፤ ቆዳው ያምራል፤ የታመመ ፍሬ ግን ከተተከለ አፈሩን ይዞ ዓመታት ይቆያል። በውሃ ይሄዳል፣ በዶማ ይሄዳል፣ በጫማ ይሄዳል። ሚያዝያ ላይ የዘሩ ማሳ ውስጥ ጥቂት ተክሎች አረንጓዴ እንደሆኑ በቀን ሲጠወልጉ አይታ ናሙና ወደ ላቦራቶሪ ላከች። ውጤቱ ግንቦት ሃያ ስድስት መጣ። ስልኳን ከፍታ አሳየቻቸው፤ ማኅተሙም ቃሉም ግልጽ ነው፤ ይህ ዘር ለተከላ እንዳይውል ይላል።

"ማን ያውቃል?" አለች ማናለብሽ።

"በዚያው ቀን ለአቶ ኪዳኑ ሰጠሁት። ምርመራው ይደገማል፣ እስከዚያ እንዳትናገሪ አለኝ። አልተደገመም። በሦስተኛው ቀን የዝውውር ደብዳቤ ሰጡኝ።" ስልኳን መልሳ ዘጋችው። "ከመሄዴ በፊት ለአንድ ሰው ነግሬያለሁ። ዘሩ የማን መሬት ላይ እንደተባዛ ለሚያውቅ ሰው።"

ስሙን አልጠራችም። ማናለብሽም አላስገደደቻትም።

ሲመለሱ ከጥርባ ወዲያ ካለው ዳገት ላይ መኪናውን አቆሙት። አየነው ቁልቁል የዲከረንሱን ደን አየና ክምሩ ሊበስል ነው አላት፤ ጭሱ ከነጭነት ወደ ሰማያዊነት ተቀይሯል፤ እንዲህ የሚሆነው በአራተኛው ቀን ገደማ ነው። ማናለብሽ በጣቷ ቆጠረች። ረቡዕ፣ ማክሰኞ፣ ሰኞ፣ እሑድ።

"እሑድ በሚካኤል ዕለት ከሰል የሚለኩስ ሰው አለ?"

አየነው ፊቱን አዞረላት። "እዚህ አገር? እንጨት የሚፈልጥ እንኳ አያገኙም።"

በእግር ወረዱ። ወደ ክምሩ ሲቃረቡ ጭሱ ሌላ ሽታ ይዞ መጣ፤ የተጠበሰ ድንች ሽታ። አያ ክንዴ ከክምሩ አጠገብ ግንድ ላይ ተቀምጠዋል። ሲያዩአቸው አልተነሡም፤ ለእሷም ቦታ ለቀቁላት።

"መቼ ለኮሱት?" አለቻቸው።

"እሑድ።"

"በሚካኤል?"

"በሚካኤል። ለእሱ ንስሐ አባቴ ጋ ሄጃለሁ፤ ለሌላው አንቺ መጥተሻል።"

ሳጅኑ በረጅም እንጨት የክምሩን ጥግ ገለጠ። አፈሩ ሥር፣ በከሰሉ መካከል፣ ጠቁረው ድንጋይ የመሰሉ ድንቾች ተጨናንቀው ታዩ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉ ቁጣም እንባም በሌለበት ድምፅ ነገሯት። መጋዘኑ የተሠራበትንና ዘሩ የተባዛበትን መሬት የሰጡት እሳቸው ናቸው። ሦስት ዓመት ሙሉ ቤት ለቤት እየዞሩ ሰዉን ንጹሕ ዘር ይመጣላችኋል ብለው ያሳመኑት እሳቸው ናቸው። ትዕግስት ስትነግራቸው እንጅባራ ድረስ ሄደው አቶ ኪዳኑን ለምነውታል። ለጥያቄያቸው ያገኙት መልስ፣ ካወሩ ማኅበሩ እንደሚፈርስ ነው። ለገበሬው ልንገር ብለውም አስበው ነበር። ግን በነጻ የተሰጠ፣ ለዓይን የሚያምር ዘር ማን ይጥላል? የማይተክለው ሰው እንኳ ገበያ ያወጣዋል፤ ሌላው ገዝቶ ይተክለዋል።

"ይህን ደን ታያለሽ?" አሉ፣ ዛፎቹን እያሳዩ። ቅጠሉ ላይ የዝገት መልክ ያለው በሽታ ተጣብቋል። "መጀመሪያ ሁለት ሦስት ዛፍ ነበር። ሁላችንም ያልፋል ብለን ቁጭ ብለን ተመለከትነው። አሁን ቀበሌውን በሙሉ በላው። ድንቹንም ቁጭ ብዬ ልይ?"

እስከ ዓርብ ድረስ አንድ ሰው ያስቆመዋል ብለው ጠብቀዋል። ዓርብ ግን ከእንጅባራ መኪና መጣና ሁለት ኩንታል ጭኖ ወደ ዳንግላ ሄደ፤ ሐሙስ ለሚመጡት እንግዶች ማሳያ ማሳ ላይ ሊተከል። ያኔ የሚያስቆመው እንደሌለ ገባቸው። እሑድ ሰዉ ታቦት ሲያጅብ፣ ከአያ ሽባባው ጋር በአራት ምልልስ በጋሪ አወረዱት። ከእንጨቱ ጋር ደርድረው ለኮሱት። ቤቱን አጠቡ፣ ጋሪውን አጠቡ፣ እግራቸውን አጠቡ።

"ለምን ራስዎ ደወሉልን?"

"ሐሙስ ባዶ ሆኖ ቢገኝ መጀመሪያ የሚታሰረው ሽባባው ነው። ቀድሜ ብጮህ ሌባው ከሩቅ የመጣ ይመስላል ብዬ ነው።" ራሳቸውን ነቀነቁ። "አልመሰለም። ትናንት ስትወስጂው ልናገር ነበር። ክምሩ እስኪያልቅ አንድ ቀን ብቻ ብዬ ዋልኩ። ያ አንድ ቀን ነው የሚያሳፍረኝ።"

ማናለብሽ ማስታወሻዋን ዘጋች። ልትናገራቸው የምትችለው ነገር ብዙ ነበር፤ የተናገረችው ግን ሌላ ነው። "ዳንግላ የሄደው ሁለት ኩንታል የማን ማሳ ላይ ነው?"

አያ ክንዴን ጣቢያ ካስገባች በኋላ፣ በዚያው ቀን ሳይመሽ አቶ ኪዳኑን ቢሮው አገኘችው። የላቦራቶሪውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጠው አልካደም። ለራሱ የነካው ገንዘብ እንደሌለ፣ ገንዘቡ ተመላሽ ሆኖ ፕሮጀክቱ ቢዘጋ በሽታውን የሚከላከል አንድም ሰው እንደማይቀር፣ ጥቂት ማሳ ቢታመም በሚቀጥለው ዓመት በጀት እንደሚያስተካክለው አስቦ እንደነበር ነገራት። እሷም አመነችው። ማመኗ ነው ያሳዘናት።

ዐቃቤ ሕግ ኋላ መዝገቡን ሁለት ቦታ ከፈለው፤ አንዱ ውጤቱን በመደበቅ፣ ሌላው የመንግሥት ንብረት በማጥፋት። አቶ ኪዳኑ ከሥራው ታገደ። አያ ሽባባው ተለቀው ወደ ፈረሳቸው ተመለሱ። ለአያ ክንዴ ዋስ ሊሆኑ ከጥርባ የመጡት ሰዎች የጣቢያውን ግቢ ሞልተውት ነበር፤ ዘሩን ሊወስዱ ከተመዘገቡት መቶ አባወራዎች ብዙዎቹ ነበሩበት። ይህ ሁሉ ግን የሆነው በኋላ ነው።

ሐሙስ ጠዋት ማናለብሽ አያ ክንዴን ከጣቢያ አውጥታ መኪና ውስጥ አስገባቻቸው። ኃላፊዋ ተጠርጣሪ ይዞ መዞር የት ነው የተጻፈው ብሎ ጠየቃት። የዳንግላውን ዘር የማስወገዱን ሥራ የሚችል ሌላ ሰው አለመኖሩን ነገረችው፤ እስከ አሥር ሰዓት መልሺው ብሎ ለቀቃት። ትዕግስትን ከመንገድ ጫኑ።

የዳንግላው ማሳ ባለቤት እንየው የሚባል፣ ገና ሠላሳ ያልሞላው ገበሬ ነው። ለእንግዶቹ ብሎ አጥሩን አድሶ፣ መግቢያውን ጠርጎ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ጠበቃቸው። ትናንት ከሰዓት ሁለቱንም ኩንታል ተክሎ ጨርሷል። ማናለብሽ እንግዶቹ እንደማይመጡ፣ የተተከለው ሁሉ መነቀል እንዳለበት ስትነግረው መጀመሪያ የሚያሾፉበት መሰለው። ትዕግስት በሽታውን አስረዳችው። ሰማት፣ ግን ዓይኑ ከመደቦቹ ላይ አልተነሣም።

"እነዚህ ፖሊስ ናቸው፤ አንቺ ባለሙያ ነሽ" አለ በመጨረሻ። "እኚህ ሰውዬስ ማናቸው?"

ማናለብሽ ልትመልስ ስትል አያ ክንዴ ቀደሟት።

"ዘሩን ያባዛሁት እኔ ነኝ" አሉ። "የቀረውን ያቃጠልኩትም እኔ ነኝ። ያንተ ሁለት ኩንታል አመለጠኝ፤ ይቅርታ አድርግልኝ።"

እንየው ዓይኑን ከመደቦቹ ላይ አነሣ። ከዚያ ወደ ቤቱ ገብቶ ሁለት ዶማ ይዞ ወጣና አንዱን ሰጣቸው።

አያ ክንዴ ከየትኛው ጥግ እንደሚጀመር፣ ፍሬው በምን እንደሚለቀም፣ ጉድጓዱ የት እንደሚቆፈር እየነገሩ ራሳቸው ቀድመው ገቡ። ሳጅን አየነው የደንብ ልብሱን እጅጌ ሰብስቦ ተከተላቸው። ማናለብሽም ለቀመች፤ ድንች ስትለቅም ልጅነቷ ትዝ አላት፤ ያኔም ወገቧን ያማት ነበር። ከየመደቡ የወጣው ድንች ያምራል፤ ቡቃያው ወፍራም ነው፤ እንየው እያንዳንዱን ወደ ጆንያ ሲጥል ፊቱን ያዞራል። ጨርሰው ጉድጓዱ ውስጥ ሲለኩሱት ቀኑ ወደ አሥር ሰዓት ደርሶ ነበር።

እንየው ባዶውን ማሳ እያየ ቆመ። "ድንች ለስንት ዓመት ነው የማልተክልበት?"

"ሦስት" አሉ አያ ክንዴ። "ቲማቲምም፣ ቃሪያም አይሆንም።"

"ታዲያ ምን ይሁን? ልጆቼ ሦስት ዓመት አፈር አይበሉ።"

አያ ክንዴ ጎንበስ ብለው አፈሩን በእጃቸው ዘገኑ፤ ጨበጡት፤ ርጥበቱን አዩ።

"ዳጉሳ ዘር አለህ?"

"ጎተራ ውስጥ ትንሽ ይኖራል።"

"እንግዲያው አምጣው። ለዳጉሳ ገና አልረፈደም።"

ማናለብሽ ሰዓቷን አየች። ኃላፊዋ ሰውየውን እስከ አሥር ሰዓት እንድትመልስ ነግሯታል። እንየው ዘሩን ሊያመጣ ወደ ቤቱ ሮጠ። እሷ ወደ መኪናው አልሄደችም፤ ማሳው ዳር ድንጋይ ፈልጋ ተቀመጠች፤ ዘርተው እስኪጨርሱ።